ድንኳን ወይስ አልጋ? መንገድ ላይ ያበገኑኝ ስህተቶች

ላንድክሩዘር ይዤ ባሌና ኦሞ ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተሳፋሪዎቼ ገና ከአዲስ አበባ ሳንወጣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የምናድረው ድንኳን ነው ሆቴል?» መልሴ ያናድዳቸዋል። «አሥር ሰዓት ሲሆን እነግራችኋለሁ» እላለሁ።

አንደኛው ስህተት እዚሁ ላይ ነው፤ የስድስት ሌሊት ማደሪያ ቤት ቁጭ ብሎ መወሰን። «አልጋ የሚባል አንነካም» ብሎ የማለ ቡድን ዶዶላ ላይ ዝናብ ሲያወርድበት እልህ ይዞት ጭቃ ላይ ድንኳን ይተክላል። «ድንኳን አንሞክርም» ያለው ደግሞ ሐረና ጫካ ውስጥ ያለችውን የካቻን መስክ አልፎ፣ ጎባ አልጋ ለመያዝ ሲል ሰነቲን፣ ያንን ብርዳም ከፍተኛ ሜዳ፣ በጨለማ ያቋርጣል። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ማምሸት ነው። እኛ አገር ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሥራ ሁለትና በአንድ ሰዓት መካከል ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ድቅድቅ ይላል። አንድ ጊዜ ከስዊድን ለዕረፍት የመጡ የአበሻ ልጆች ይዤ ኦሞ ውስጥ ወዳለችው ቱርሚ እየወረድኩ ነበር። እነሱ ዘንድ በበጋ ከምሽቱ አራት ሰዓትም ብርሃን ነው። «ጋሼ፣ አንዴ ፎቶ!» «ጋሼ፣ ትንሽ እንቁም፣ ገና ነው እኮ!» እሺ እያልኩ አመሸሁ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ቦታችን ስንደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። በስልክ መብራት ተከልን። የተከልነው ለካ የጉንዳን መንገድ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ጩኸት ሰምቼ ብነሳ ልጆቹ ሱሪያቸውን እያራገፉ ይዘላሉ። ስድስታችንም መኪና ውስጥ ተቀምጠን አነጋን። ምን ሌላ ይደረግ? ከዚያ ወዲህ ሕጌ ቀላል ነው። አሥር ሰዓት ላይ እወስናለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንኳን መትከያው ቦታ ካልደረስኩ ቅርብ ያለው ከተማ ገብቼ አልጋ እይዛለሁ። ለልመናም አልበገርም።

ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። «ዚፑን ትንሽ ከፍተነዋል» አይሠራም። «ጭሱ ወጥቷል፣ ፍሙ ብቻ ነው» ደግሞ ጭራሽ የባሰ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንቅልፍ ላይ እንዳላችሁ ይወስዳችኋል። ጠባብ የፔንሲዮን ክፍልም ያው ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም።

ብርዱን ከላይ ብቻ የሚመጣ አድርጎ ማሰብ የሁሉም ጀማሪ ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ሰሜን ተራሮች፣ ግጭ ላይ፣ 3,600 ሜትር ገደማ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ። ከታቼ ሸራ ብቻ። ጎኔ ሲደነዝዝ አደረ። ሙቀትን የሚበላው መሬቱ ነው፤ ሁለት ብርድ ልብስ ካላችሁ አንዱን አንጥፉት። ብርድ ፈርቼ የድንኳኑን መተንፈሻ ሁሉ ዘግቼ ስለነበርም ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ውርጭ ሠርቶ ጠዋት ፊቴ ላይ ረገፈ።

ሰነቲን በመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ አታድርጉት። ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀን ወጥታችሁ ቀይ ቀበሮ እዩ፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ድረስ ሂዱ፣ ማታ ግን ጎባ ወይም ዲንሾ ውረዱ። ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታት ሲጀምር ድንኳን መንቀል ትጀምራላችሁ፤ ያውም በሌሊት።

ደቡብ ስትወርዱ ደረቅ ወንዝ ያታልላችኋል። አሸዋው ለስላሳ፣ ዳሩ ላይ ጥላ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ዝናቡ ግን የሚዘንበው ራቅ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ ነው፤ ደራሹ ጎርፍ ሲመጣ ዕቃ መሰብሰቢያ ጊዜ የለም። ዳር ወጥታችሁ፣ ከፍ ብላችሁ ትከሉ። የሰፈሩን ሽማግሌዎችም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ውሃው እስከየት እንደሚደርስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ድንኳን ርካሽ ነው የሚሉም አሉ። ፓርክ ውስጥ የመግቢያው፣ የመስፈሪያው፣ የስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ)፣ የማገዶው ሲደመር የከተማው ፔንሲዮን የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ድንኳን የምትመርጡት ለቦታው ብላችሁ ይሁን።

አልጋ ስትይዙ «ውሃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አለ» ነው መልሱ፣ ሁልጊዜ። ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ። ቦርሳችሁን ሳታስቀምጡ የፍራሹን ጠርዝ ገልብጣችሁ በስልክ መብራት እዩ፤ ትኋን ስፌቱ ውስጥ ነው የሚደበቀው። አልጋ አስይዘናል ብላችሁም ድንኳኑን ቤት አትተዉት። ለገና ላሊበላ ሄዶ የያዘው ክፍል ለሌላ ተሰጥቶ የጠበቀው ሰው ከኔ በላይ አይነግራችሁም።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ይህን ለሰው ሁሉ እየነገርኩ ዲንሾ ላይ የእህቴን ዳቦ ቆሎ ትራሴ ሥር ሸጉጬ ተኛሁ። ንጋት ላይ ከርከሮ ድንኳኑን በጥርሱ ቀዶ አፍንጫውን ጆሮዬ ሥር አስገባ። ዳቦ ቆሎውን ከነፌስታሉ ይዞት ሄደ። ቀዳዳውን በጅማት ሰፍቼዋለሁ፤ ዝናብ ሲሆን አሁንም በዚያው በኩል ያፈሳል።