ዛፉ ከየት ነው የጠጣው? አይሶቶፕ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ ግንብ ላይ ሥራቸውን የዘረጉትን ዛፎች ያየ ያውቃቸዋል። ድንጋዩን እንደ ጣት ጨምድደው ይዘውታል። ለጥምቀት የቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ገንዳው ሲሞላ ከዚያ ውሃ ይጠጣሉ? ወይስ ከስር፣ እኛ ከማናየው ቦታ? በዓይን አይታወቅም። ውሃ ዳር የቆመ ሁሉ ከዚያው ውሃ አይጠጣም። እ.ኤ.አ. በ1991 ዶውሰንና ኤልሪንገር አሜሪካ ዩታ ውስጥ ወንዝ ዳር የቆሙ ትልልቅ ዛፎች የወንዙን ሳይሆን የጥልቁን ውሃ እንደሚጠቀሙ ያሳዩት በአይሶቶፕ፣ ማለትም ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ክብደታቸው በሚለያይ አተሞች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1,000 የኦክስጅን አተሞች 2 ያህሉ ከባዱ ኦክስጅን-18 ናቸው። ከባዱ ሃይድሮጅን፣ ዲውትሪየም፣ ደግሞ ከ10,000 አንድ ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይ የመታው የላይኛው አፈር ላይ ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ይተንና የቀረው ይከብዳል። ጥልቁ ግን እንደዘነበ ይቆያል። ሥር ደግሞ ውሃ ሲስብ አብዛኛውን ጊዜ አይመርጥም፣ ያገኘውን እንዳለ ይወስዳል። መጠኑ የሚነገረው ከመደበኛ የባሕር ውሃ ከሺህ ስንት እንደሚበልጥ (+) ወይም እንደሚያንስ (−) ነው። ለምሳሌ የላይኛው አፈር ኦክስጅን-18 ከሺህ +2፣ የጥልቁ −4፣ የግንዱ −3 ቢሆን ዛፉ ከላይ የወሰደው አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው ማለት ነው። ቀሪው ከታች ነው።

ይህ ስሌት የገበሬ ጥያቄ ይመልሳል። ከአዘዞ ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ማሳቸው ዳር ቆመው «ልጄ፣ ይሄ ባሕር ዛፍ የጤፌን ውሃ ነው የሚጠጣው የጉድጓዴን?» ብለው ጠይቀውኛል። እንዲህ ለጠየቀ ሰው የተበላሸ ናሙና ይዞ መልስ መስጠት ነውር ነው። ለዚህ ነው የአፈርና የግንድ ናሙና ለምትወስዱ ከታች ያሉትን የምጽፈው።

የቀንበጡ ውሃ ከአፈሩ ሁሉ ከብዶ ወጣ

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ከላይ እስከ ታች ስድስት ቦታ አፈር ወስዳችኋል፣ የግንዱ ውሃ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ዛፉ የሌለ ውሃ አይጠጣም። ስለዚህ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተንኗል ማለት ነው፣ የት እንደሆነ መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ቀንበጡን ጠርጥሩ። ቅጠል ውስጥ ያለ ውሃ ሁልጊዜ በትነት የከበደ ነው። ለጋ አረንጓዴ ቀንበጥም በቆዳው ይተናል። የሚፈለገው ቡናማ ቅርፊት ያበጀ፣ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ረፋድ ላይ፣ ዛፉ ውሃ በደንብ እየሳበ እያለ፣ ቅርንጫፉን እቆርጣለሁ፤ ቅርፊቱን በቢላ ልጬ እጥላለሁ፣ ምክንያቱም ከሥር የመጣው ውሃ ያለው ነጩ እንጨት ውስጥ ነው፤ ነጩን በ4 ሳንቲ ሜትር ቆራርጬ ጠርሙሱ ውስጥ ጠቅጥቄ ክዳኑን አጠብቅና አንገቱን በፓራፊልም፣ በሚለጠጥ ማሸጊያ ፕላስቲክ፣ እጠቀልላለሁ። ይሄ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ስም በእርሳስ ነው የሚጻፈው፣ እስክሪብቶ በረዶ ሳጥን ውስጥ ይለቃል። ማታ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። ከማሳ እየሮጣችሁ «ቤት ስደርስ እልጠዋለሁ» ካላችሁ ናሙናው አለቀለት።

ሁለተኛ ጠርሙሱን እዩ። ባዶ ጠርሙስ ላይ የታወቀ ውሃ ጨምሩ፣ መዝኑ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና መዝኑ። ክብደት ከቀነሰ ክዳኑ ነው ያታለላችሁ።

ሦስተኛ ዛፉ ራሱ ቅጠል አለው? መተማ ቆላ ያለው የእጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ያኔ ግንዱ ውስጥ ውሃ አይፈስም፣ እዚያው ቆሞ በቅርፊቱ በኩል ቀስ እያለ ይተናል። ብትጠነቀቁም ባትጠነቀቁም ከባድ ይወጣል። መፍትሄው ቅጠል ሲያወጣ ተመልሶ መምጣት ነው። ሌላ የለውም።

ለማረጋገጥ ነጥቦቹን ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው የዝናብ መስመር ዲውትሪየም = 8 × ኦክስጅን-18 + 10 ነው። ዝናብ እዚያ አካባቢ ይቀመጣል፣ የተነነ ውሃ ከመስመሩ በታች ወደ ቀኝ ይሸሻል። የላይኛው አፈርም ራሱ ወደዚያ ስለሚሸሽ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ግንዱ ከአፈሩም አልፎ ሲሄድ ነው።

ውሃው ቀልሎ ወጣ

እዚህ ጋ ሁለት ነገር ለዩ። ውሃውን ከናሙናው የምናወጣው በቫክዩም፣ አየሩ በፓምፕ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ፣ አሙቀን ትነቱን በማቀዝቀዝ ነው። ሁለቱም አይሶቶፕ ከቀለሉ ውሃው ከናሙናው ተሟጥጦ አልወጣም። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይገባዋል፦ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ኃይለኛው ነው፣ እየቆየ ሲሄድ ይሳሳል። መሀል ላይ ብታቆሙት የያዛችሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ውሃም እንደዚያው ነው፣ ቀላሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ከባዱ አፈር ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን ቫክዩም ፓምፑ እየሠራ መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ጠርሙሱ ላይ ውሃ ስላየሁ በቃ ብዬ ወሰድኩት። ውጤቱ ከየትኛውም ዝናብ ይቀል ነበር። ያ ናሙና የአንድ ቀን ቁፋሮ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መፍትሄው ሚዛን ነው። ከማውጣታችሁ በፊት መዝኑ፣ ካወጣችሁ በኋላ መዝኑ፣ ከዚያ 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 24 ሰዓት አቆይታችሁ እንደገና መዝኑ። ከጠቅላላው ውሃ ቢያንስ 98 በመቶው ካልወጣ ናሙናውን ጣሉት። የደምቢያ ዋልካ አፈር ውሃውን ሙጭጭ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ለአሸዋ የሚበቃው ሰዓት አይበቃውም።

ዲውትሪየሙ ብቻ ቀልሎ ኦክስጅን-18 ልክ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። እንጨት በቫክዩም ሲሞቅ የውሃው ሃይድሮጅን ከእንጨቱ ሃይድሮጅን ጋር ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የግንድ ውሃ ዲውትሪየም በዚህ ምክንያት በአማካይ ከሺህ 8 ገደማ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በተጨማሪ ጨዋማ ቦታ የሚበቅሉ እንደ ማንግሮቭ ያሉ ተክሎች ሥራቸው ራሱ ዲውትሪየምን ይለያል። እንዲህ ሲያጋጥም በኦክስጅን-18 ተመሩ፣ ዲውትሪየሙን ደግሞ ሳትደብቁ ሪፖርት አድርጉት።

አፈሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ሆነ

መቼ ነው የሄዳችሁት? ነሐሴ ላይ ከሆነ መልሱ እሱው ነው። ጎንደር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ያኔ ላዩም ታቹም በአንድ ውሃ ይርሳል። ልዩነት ከሌለ ከየት እንደጠጣ ማወቅ አይቻልም። የካቲትና መጋቢት ላይ ሂዱ። ወራት ሙሉ ፀሐይ የመታው ላይኛው አፈር ከብዷል፣ ታቹ አልተነካም። የግድ በክረምት ከሆነ ዲውትሪየም የበዛበት ውሃ በተወሰነ ጥልቀት አስገብታችሁ ግንዱ ላይ እስኪታይ ጠብቁ።

ዋልካ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ሾልኮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ መሀሉን ሳይነካ። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትመኑ። ሦስት አራት ቆፍሩ፣ ስንጥቁ የት እንደነበርም ማስታወሻ ያዙ።

ሌዘሩ የማይሆን ቁጥር ሰጠ

አይሶቶፕ የሚለካው በሁለት ዓይነት ማሽን ነው፦ በሌዘር ብርሃን በሚያነብ ወይም አተሞችን በክብደት በሚለይ፣ የጅምላ ስፔክትሮሜትር (mass spectrometer) በሚባል። ያንኑ የግንድ ውሃ የጅምላ ስፔክትሮሜትር ልክ አድርጎ ያነብበዋል፣ ሌዘሩ ግን ይስታል። ጥፋተኞቹ ሜታኖልና ኤታኖል የሚባሉ አልኮሎች ናቸው። ከእንጨቱ ከውሃው ጋር አብረው ይወጡና ብርሃኑን ያሳስቱታል። ሽታ ያለው ዛፍ፣ ባሕር ዛፍን ጨምሮ፣ ሲሆን ይበልጥ ተጠንቀቁ። የማሽኑን የብክለት ማስጠንቀቂያ አንብቡ፣ ጥርጣሬ ካለ ናሙናውን ወደ ጅምላ ስፔክትሮሜትር ላኩት። ቁጥሩ ከቀደመው ናሙና ጋር የሚጎተት ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ያለፈውን ውሃ አልረሳም፤ 6 ጊዜ አስገቡ፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ጣሉ።

ዝናቡ ከበደ

የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሙበት ዕቃ ፀሐይ ላይ ውሏል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ፓራፊን ዘይት ከላይ ይንሳፈፍበት። ጠርሙስ ስትሞሉ አየር አታስቀሩ።

ሞዴሉ «ከ5 እስከ 80 በመቶ» አለ

ሞዴሉ ዛፉ ከየትኛው የአፈር ንብርብር ስንት በመቶ እንደጠጣ የሚያሰላው ፕሮግራም ነው። እውነቱን ነው። አምስት የአፈር ንብርብር አስገብታችሁ ያላችሁ ሁለት አይሶቶፕ ብቻ ነው፣ እነሱም አብረው ስለሚሄዱ እንደ አንድ ቁጠሯቸው። ቁጥራቸው የተቀራረበ ንብርብሮችን አዋህዱና ላይ፣ መካከል፣ ታች ብላችሁ በሦስት ክፈሉ። ከዚያ የአፈሩን እርጥበት ጨምሩ፤ ደርቆ የተሰነጠቀ አፈር አይሶቶፑ ቢመሳሰልም ዛፉን ሊያጠጣ አይችልም። ሥሩንም ቆፍራችሁ እዩ። ሽማግሌው ማሳ ላይ የቆፈርነው ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ሜትር በታች ቀጭኑ ሥር እርጥብ አፈር ተጣብቆበት ነበር፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው «እዚህ ድረስ?» አሉ።