መነጽሩ እንዳይንሸራተት፦ ባለሞላ የአየር ጠመንጃ ላይ መነጽር አገጣጠም

አዳማ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነ ልጅ የአየር ጠመንጃውን ይዞ መጣ። «ትናንት ልክ ነበር፣ ዛሬ ጨርሶ ይስታል» አለኝ። ማነጣጠሪያ መነጽሩን ፈትቼ ሳየው ሀዲዱ ላይ፣ ማለትም ጠመንጃው አናት ላይ መነጽሩ የሚታሰርበት መስመር ላይ፣ አዲስ ጭረት አለ። መነጽሩን ከሀዲዱ ጋር የሚያስረው መያዣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃታው ሲሳብ ሞላው ከባዱን ፒስተን ወደ ፊት ይወረውራል፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይረግጣል። ወዲያው ፒስተኑ የታመቀው አየር ላይ ድንገት ይቆማል፤ ያኔ ጠመንጃው ወደ ፊት ይፈናጠራል። መነጽሩ ግን ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ስለዚህ በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ የሁለት አቅጣጫ ምት የባሩድ ጠመንጃ መነጽርን እንኳ ሊሰብር ስለሚችል ለአየር ጠመንጃ የተሠራውን ግዙ።

ከሁሉ በፊት ጥይት እንደሌለበትና እንዳልተቀባበለ አረጋግጡ። ከዚያ ሀዲዱንና መያዣውን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉ። የአዳማ አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ያንሸራትታል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አትተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ከመያዣው ሥር ወደሚወጣው ትንሽ የብረት ዘንግ፣ ወደ ፒኑ። ብዙ ሀዲዶች ከኋላ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። የኋለኛው መያዣ ፒን እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። የልጁ ፒን መያዣው ውስጥ እንደተደበቀ ነበር፣ በአለንኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ዝቅ አደረግነው። ፒኑ ከገባ በኋላ መያዣውን ወደ ኋላ ግፉት፤ የቀዳዳውን የኋላ ግድግዳ ሲነካ ብቻ ብሎኑን አጥብቁ። ፒኑ ረዝሞ መያዣውን ከሀዲዱ እንዳያነሳው ተጠንቀቁ። ቀዳዳ ከሌለ ለብቻው የሚሸጥ ማቆሚያ ከመያዣው ኋላ አስጠግታችሁ እሰሩ። ከተቻለ መነጽሩን የሚያቅፉት ሁለቱ ቀለበቶች የተያያዙበትን መያዣ ምረጡ፣ ሀዲዱን በሰፊው ይይዛል።

መነጽሩን ቀለበቶቹ ላይ አስቀምጡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰደፉን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉና ግለጡ። ምስሉ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ርቀት ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። መነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀለኛ መስመር እንዳይዘም ግድግዳ ላይ ቱንቢ ስቀሉና ከገመዱ ጋር አስተካክሉት። የቀለበቶቹን ብሎኖች እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፤ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ከመጠን በላይ የጠበቀ ቀለበት ቱቦውን ይጨፈልቃል።

መጨረሻ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ከመያዣው እስከ ሀዲዱ ቀጭን መስመር አስምሩ። መያዣው ከተነቃነቀ መስመሩ ይሰነጠቃል።

ማስተካከያ ተኩሱን ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት አድርጉት። ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች በፍጥነት መዞር ከጀመሩ ቀላሏ ጥይት ትንሳፈፋለች። ከዒላማው ኋላ የአፈር ክምር ይኑር፣ ሰውም ከብትም እንዳይኖር አረጋግጡ። በ10 ሜትር ጀምራችሁ ወደ 20 ሜትር ሂዱ። ጠመንጃውን አላልታችሁ ያዙት፣ ጨምቆ መያዝ ጥይቶቹን ይበትናል። ከ30 ተኩስ በኋላ ብሎኖቹን ፈትሹ።

ልጁ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ቀዩ መስመር ሙሉ ነው፣ ስንጥቅ የለውም።