ናፍጣው ጠቆረ ብሎ ፓምፕ ማውረድ፦ ዘይት ነዳጅ ውስጥ ገባ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የናፍጣ ሞተር ስፈታና ስገጥም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት የባለንብረቶችን ገንዘብ በከንቱ ሲያስወጣ ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ የሚብሰው የሚከተለው ነው። የነዳጅ ፊልትሮ ሲፈታ ጥቁር ናፍጣ ይፈስሳል፣ መካኒኩ በሁለት ጣቱ አሽቶ «ዘይት ገብቶበታል» ይላል፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕም በዚያው ቀን ተፈትቶ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ብቻ በዚህ መንገድ ያለ ጥፋታቸው የወረዱ ሦስት ፓምፖች ስላጋጠሙኝ ይህን ለመጻፍ ተገደድሁ።

ቀለም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ናፍጣን የሚያጠቁሩ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የሞተር ዘይት፣ ከሲሊንደር ሾልኮ የሚመጣ ጥቀርሻ፣ እንዲሁም በጋኑ ግርጌ ከተጠራቀመ ውሃ በላይ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚፈጥሩት ጥቁር ልሃጭ ናቸው። እንደ እኛ ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በተለይ በክረምት፣ ግማሽ ጋን ይዞ የሚያድር መኪና እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ሦስተኛው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳት በፊት ከጋኑ ግርጌ በንጹሕ ሃይላንድ ናሙና ቀድቶ ሳይነቀንቁ ማሳደር ይገባል። ጠዋት ከታች ውሃ፣ በላዩ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ጥቁር ነገር፣ ከዚያ በላይ ጥርት ያለ ናፍጣ ከታየ ችግሩ ያለው ከሞተሩ ሳይሆን ከጋኑ ነው። አንዳንድ ጀማሪዎች ዘይቱ እንደ ውሃ ተለይቶ እስኪታይ ይጠብቃሉ፤ ሲያጡትም «ዘይት የለበትም» ብለው ይፈርዳሉ። የሞተር ዘይትና ናፍጣ ግን ሙሉ በሙሉ ይዋሐዳሉ፣ ቢያድሩም አይለያዩም። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ናሙናውን በላቦራቶሪ ቢያስመረምር ዚንክና ካልሲየም ይነግሩታል፤ እነዚህ በዘይት ማሻሻያ ቅመሞች ውስጥ የሚገኙ ሲሆኑ በንጹሕ ናፍጣ ውስጥ ሊገኙ አይገባም።

ከወረታ የፎገራ ሩዝ የሚያመላልስ አንድ ከባድ መኪና ወደ እኔ የመጣው ፓምፑ ሌላ ቦታ ከተቀየረ በኋላ ነበር። ባለንብረቱ «ጋሼ፣ አዲስ ፓምፕ ገጥሜም ያው ጥቁር ነው» ሲሉኝ ምንም ሳልፈታ የጋኑን መስመር ከሞተሩ ለየሁ። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጌ ሰቀልሁና የናፍጣ መሳቢያ መስመሩን ከእርሱ አገናኘሁ፤ ትርፉን ናፍጣ ወደ ጋን የሚመልሰውን መስመር፣ መመለሻውን፣ ደግሞ ብርሃን በሚያሳልፍ ቱቦ ወደ ባዶ ሃይላንድ አወረድሁት። መስመሩ ውስጥ የነበረው አሮጌ ናፍጣ ከወጣ በኋላ በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ የሚመለሰው ጥርት ያለ ነበር። ረዳቱ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ግን እንደ ስኳር ቅንጣት ያሉ ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው መጡ፣ ናፍጣውም ቀስ እያለ አመድ መሰለ። ጀሪካኑ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ መሳቢያው አየር ሊስብ አይችልም ነበር፤ አረፋው የሲሊንደር ጋዝ ከመሆን ውጭ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሲወጡ በስድስተኛው ላይ ከመዳብ ሮንዴላው (ከሥሩ ከሚገባው ቀለበት) በላይ ያለው አካል በጥቀርሻ ተሸፍኖ ተገኘ፤ ኢንጀክተሩ የሚቀመጥበት ቀፎ፣ ስሊቩ፣ ተሰንጥቆ ነበር። በዚያ መኪና ናፍጣ ውስጥ አንዲት ጠብታ ዘይት አልገባችም።

ይህ ወደ ዋናው ስህተት ይወስደናል፤ እርሱም ግፊቱ የት እንደሚበልጥ ሳይጠይቁ ጥፋተኛ መፈለግ ነው። ፈሳሽም ሆነ ጋዝ ከሚበልጠው ግፊት ወደሚያንሰው ይሄዳል። በሲሊንደር ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ከ100 ባር በላይ ሲደርስ በቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ውስጥ ያለው የናፍጣ መስመር ግፊት ጥቂት ባር ብቻ ስለሆነ፣ ስሊቩ ከተሰነጠቀ ጋዙ ናፍጣውን ገፍቶ እስከ ጋኑ ድረስ ይሄዳል። ኢንጀክተሮቹ ቴስታታው ውስጥ ባሉ ሞተሮች ላይ ኦሪንግ (ማሸጊያው የጎማ ቀለበት) ሲደርቅ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይወጣል፤ ከጠፋ በኋላ ግን ናፍጣው ወደ ጋኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ በኢንጀክተሩ ዙሪያ የተኛውን ዘይት ይዞት ይወርዳል፤ እንዲህ ያለው መኪና ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል። በሞተሩ ጥርስ የሚዞረው መሳቢያ ፓምፕም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ፊልትሮ ሲደፈን ፓምፑ አብዝቶ ስለሚስብ በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ማገጃ ቀለበት፣ ኦይል ሲሉ፣ ከሞተሩ በኩል ዘይት ያሳልፋል፤ ሲሉን ቀይሮ የተደፈነውን ፊልትሮ የተወ ሰው ያው መኪና ተመልሶ ይመጣበታል።

የዘይት መለኪያውን ሳያዩ መጀመር አይገባም። ዘይት ወደ ናፍጣ ከገባ ደረጃው ይወርዳል፤ ናፍጣ ወደ ዘይት ከገባ ይጨምራል። ነገር ግን ባለ 300 ሊትር ጋን ለመጥቆር 3 ሊትር ያገለገለ ዘይት፣ ማለትም ከመቶ አንድ እጅ፣ ስለሚበቃው ደረጃው ብዙ አልወረደም ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

ቀጥሎ ያለውን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ። ሁለት ጋን ባለው መኪና ላይ ኦሪንጎቹን ቀይሬ፣ ዋናውን ጋን አጥቤ፣ መስመሩን አጽድቼ አስረከብሁ። ከሳምንት በኋላ ናፍጣው ጠቁሮ ተመለሰ፤ ሥራዬን ተጠራጥሬ ቴስታታውን ዳግመኛ ከፈትሁና የደንበኛዬን ሁለት ቀን አቃጠልሁበት። ጥቁሩ ናፍጣ የመጣው ካላራገፍሁት ሁለተኛው ጋን ነበር። መመለሻው የሚወስደውን ሁሉ ወደ ጋን ስለሚወስድ ሁለቱም ጋኖች፣ ቱቦዎቹና የፊልትሮዎቹ ቤቶች ሳይጸዱ ጥገናው ተሳክቷል ወይም አልተሳካም ማለት አይቻልም።

ያገለገለ የመዳብ ሮንዴላ መልሶ መግጠም በፍጹም አይገባም።

ሹፌሩን አለመጠየቅም ስህተት ነው። ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን በጀሪካን የተገዛ ነዳጅ ትናንት የተቃጠለ ዘይት በያዘ ዕቃ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሹፌሮች ይህን የሚናገሩት ሳይወቀሱ በቀስታ ሲጠየቁ ብቻ ስለሆነ ባለንብረቱ በሌለበት ሰዓት ለብቻ ማነጋገር ይሻላል።

በመጨረሻም ጥገናውን በግቢ ውስጥ በሚኒሞ ፈትሾ መኪናውን መልቀቅ አይበቃም፤ የስሊቭ ስንጥቅ የሚናገረው ሞተሩ ጭነት ሲሸከም ነውና። እኔ ከጥገና በኋላ ከጋኑ የቀዳሁትን ናፍጣ በሃይላንድ አድርጌ ቀኑን ጽፌበት አስቀምጣለሁ። መኪናው ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ከወጣና ከተመለሰ በኋላ ሌላ ናሙና እቀዳለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን በነጭ ወረቀት ፊት አቁሜ ልዩነት ካላየሁ ብቻ ሂሳቡን እዘጋለሁ።