የአልጋ ማስያዣ አፕ ለጥምቀት፦ አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የሞባይል መተግበሪያ ማሠራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ለጥምቀት ይደርሳል?» ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን የሚሠራው ነገር በወረቀት ላይ ሳይሰፍር መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ካለ እየገመተ ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ፦ እንግዶች በከተማዋ ፔንሲዮኖችና ጌስት ሃውሶች አልጋ የሚይዙበት አፕ።

ከስክሪን መጀመር

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ከሎጎና ከቀለም ነው። መጀመር ያለበት ግን በፔንሲዮኑ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ካለው ደብተር ነው። ቢያንስ ሦስት ቤት ይምረጡ፤ አንዱ ፒያሳ አካባቢ፣ አንዱ ማራኪ፣ አንዱ ደግሞ አዘዞ በአየር ማረፊያው መንገድ ይሁን። በእያንዳንዱ አንድ ጠዋት ቁጭ ብለው ይመልከቱ፦ ስልክ ሲደወል ምን ተጠየቀ? ምን ተጻፈ? ምንስ ሳይጻፍ በቃል ብቻ ቀረ?

የደብተሩ ዓምዶች፣ ማለትም ስም፣ ስልክ፣ የክፍል ቁጥር፣ ስንት ሌሊት፣ ቀብድ፣ ቀሪ ሂሳብ፣ ኋላ የዳታቤዙ (የአፑ መረጃ የሚከማችበት ቋት) ዓምዶች ይሆናሉ። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በኅዳጉ ላይ ተጫጭሮ የሚገኘው ነው። «እገሌ ያመጣው» የሚል ካለ፣ እንግዳ እያመጣ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው አለ ማለት ነው። አፑ ይህን ሰው እንደሌለ ቆጥሮ ከታቀደ ባለቤቱ መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የሚመርጠው ደግሞ ለዓመታት ደንበኛ ያመጣለትን ሰው እንጂ ትናንት የተጫነን አፕ አይደለም። ስለዚህ ለአምጪው የራሱ መለያ ይከፈትለት እንደሆነ፣ ኮሚሽኑስ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ ከመጀመሪያው ይወሰን።

ሁሉን በአንዴ መመኘት

የከተማ ካርታ፣ አስጎብኚ መቅጠሪያ፣ ምግብ ማዘዣ፣ ቻት፣ የኮከብ ደረጃ... ማበጠሪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቢቀር እንግዳው አልጋ ያገኛል? ካገኘ ለሁለተኛው ዙር ይቆይ። ለመጀመሪያው ዙር መፈለግ፣ መያዝ፣ ቀብድ መክፈልና ማረጋገጫ መቀበል ይበቃል።

ጥር 11ን «ጃንዋሪ 19» ብሎ መደምደም

እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ኮዱ ካለቀ በኋላ ለማረም እጅግ አድካሚ ነው፤ ቀን የማይገባበት የአፑ ክፍል የለምና።

ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች የ2016ቱ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን ዋለ፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንደዚሁ ይሆናል። አፑ ውስጥ 19 ተብሎ ከተቀበረ፣ እስከ 20 ጠዋት ክፍል የያዘው የውጭ እንግዳ ልክ በበዓሉ ጠዋት ቁልፍ ያስረክባል። እሱ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲቆም ሕዝቡ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እየወረደ ነው።

በእቅዱ ላይ መስፈር ያለበት ደንብ አጭር ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ቀን የሚቀመጠው በአንድ አቆጣጠር ብቻ ነው። ለተጠቃሚው ሲታይ እንደምርጫው ይቀየራል፤ በማረጋገጫው ላይ ደግሞ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፋሉ። የቀን መምረጫው 13ኛዋን ወር መያዙን ይፈትሹ። ተዘጋጅተው ከሚወርዱት መካከል 12 ወር ብቻ የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ በእነሱ ጳጉሜን 3 የሚመጣ እንግዳ መመዝገቢያ የለውም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ማታ 2 ሰዓት» ለሥርዓቱ 20፡00 ነው። አስቸጋሪው ሌሊቱ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የገባን እንግዳ የመቀበያ ሠራተኛዋ በዋዜማው ቀን ትመዘግበዋለች፣ ለእኛ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። ኮምፒውተሩ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ወዲህ አዲስ ቀን ጀምሯል። ስለዚህ ማደሪያ በሰዓት ሳይሆን «የዚህ ቀን ሌሊት» ተብሎ ይቆጠር።

ጎንደር ወይስ ጐንደር?

የከተማዋ ስም ራሱ በሁለት ፊደል ይጻፋል። አንዱ «ጎ» ብሎ ሲፈልግ ሌላው «ጐ» ብሎ መዝግቦ ከሆነ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ ውጤቱም «ምንም አልተገኘም» ይሆናል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይም እንደዚያው። መፍትሔው የተጠቃሚውን አጻጻፍ ማረም አይደለም፤ ሰው ስሙን እንደወደደ ይጻፍ። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይዘጋጅና እዚያ ሐ፣ ኀ እና ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ጐ ወደ ጎ ይጠቅለሉ፤ ዘሮቻቸውም አብረው። የሚፈለገው ቃልም በዚያው ወንፊት ያልፋል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከታሰበበት።

ስም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አስገዳጅ አያድርጉ። የእኛ ሰው የሚሞላው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው፤ በአባት ስም ብቻ ተፈልጎ «አቶ» ሲባል የሚጠራው ሌላ ሰው ነው።

ፊደል በገንዘብም ይመጣል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ አጭር መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። አንዲት የግእዝ ፊደል ከገባችበት ግን አቅሙ ወደ 70 ይወርዳል፤ ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይታሰባል። ስለዚህ ለእንግዳው የሚላከው የማረጋገጫ ጽሑፍ በእቅዱ ጊዜ ይጻፍና ይቆጠር። ለምሳሌ «አልጋዎ ተይዟል። ከጥር 9 እስከ ጥር 12፣ 3 ሌሊት። ቀብድ ደርሶናል። ቁጥርዎ 4821» ክፍተቱና ነጥቡ ሳይቀር 55 ነው። ለፔንሲዮኑ ስም 15 ይተርፋል። «ውድ ደንበኛችን» የሚል ሰላምታ ቢጨመር ለስሙ በቂ ቦታ አይኖርም።

ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ ማቀድ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል ለሚሠራ አፕ «ኔትወርክ ቢጠፋስ?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። በደህናው ቀንም ቢሆን መብራት ይጠፋል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ኔትወርኩ ይጨናነቃል።

የሚያስከትለው ጉዳት አንድ አልጋ ለሁለት ሰው መሸጥ ነው። ሠራተኛዋ በእግሩ ለመጣ እንግዳ ክፍል 7ን ትሰጣለች፤ ስልኳ መስመር ላይ ስላልሆነ አፑ አሁንም «ክፍት» ይላል፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው ያንኑ ክፍል ይይዛል። ብዙ ቡድኖች ይህን በተራቀቀ የማመሳሰል ኮድ ሊፈቱት ይሞክራሉ። በወረቀት ላይ ግን በአንድ ስምምነት ያልቃል፦ ከ20 ክፍል 6ቱ ለአፑ ብቻ ይመደቡ፣ በእግሩ ለመጣ እንግዳ አይሰጡ፤ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ያልተያዙት ወደ ፔንሲዮኑ ይመለሱ፣ አፑም ከዚያ ሰዓት በኋላ የዚያን ሌሊት አልጋ አይሽጥ። ሰዓቱን የሚያውቀው ሰርቨሩ (የአፑ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ስለሆነ የሠራተኛዋ ስልክ ባይሠራም ግጭት አይፈጠርም።

ሙከራው በየትኛው ስልክ እንደሚደረግም ይጻፍ። 2 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ሚሞሪው በፎቶ የተጣበበ አንድሮይድ ይፈለግ። የገንቢው አዲስ ስልክ ሁሉን ያስኬዳል፣ ስለዚህ ምንም አይነግረንም።

ክፍያን ወደ መጨረሻ መግፋት

«ቴሌብርን በኋላ እናስገባዋለን» የሚል እቅድ ሁለት ቦታ ይሰናከላል። አንደኛው ወረቀት ነው፤ በነጋዴነት ለመመዝገብ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፣ ይህም ኮዱ ሲያልቅ የሚጀመር ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛው የሥርዓቱ አካሄድ ነው። እንግዳው 500 ብር ከፍሎ ወደ አፑ ሲመለስ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ስክሪኑ «አልተከፈለም» ይለዋል፤ ደግሞ ይከፍላል። ጥፋቱ መከፈሉን እንዲወስን ሥልጣን የተሰጠው ለእንግዳው ስልክ መሆኑ ነው። ገና ወደ ክፍያው ሳይሄድ ሰርቨሩ የማይደገም መለያ ቁጥር ያውጣ። ማረጋገጫውን ከክፍያው ሥርዓት ሰርቨሩ ራሱ ይቀበል፤ ካልደረሰውም በዚያ ቁጥር ከ1፣ ከ5 እና ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ ይጠይቅ። እስከዚያ ስክሪኑ «በማጣራት ላይ» ይበል፣ የመክፈያው ቁልፍም ይጥፋ።

እንግዳው ቢቀር ቀብዱ የማን ነው? ቴሌብር የሌለው የውጭ ሰውስ በምን ይከፍላል? መልሱን ባለቤቶቹ ፈርመው ይስጡ።

መለያውን በገንቢው ስም መክፈት

የፕሌይ ስቶር የገንቢ መለያ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈልበታል፤ የአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። ክፍያው በዶላር የሚሠራ ካርድ ስለሚፈልግ ብዙ ባለቤቶች «አንተው በራስህ ክፈተው» ይላሉ። በኋላ ቢጣሉ አፑ የማን ይሆናል? የመተግበሪያው መለያ ስም (ስቶሩ አፑን ከሌሎች የሚለይበት) ደግሞ አንዴ ከወጣ አይቀየርም፣ በችኮላ የተሰጠ የሙከራ ስም እስከ ወዲያኛው ይኖራል። የፊርማ ቁልፉ (የአፑን አዲስ እትም ለመልቀቅ የሚያስፈልገው) እና የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ እጅ መሆናቸው በውሉ ይጻፍ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «ለማንኛውም እንሰብስበው» ማለት አያዋጣም። የፓስፖርት ፎቶ ለማስያዝ ካላስፈለገ አይጠየቅ። መለያ የሚያስከፍት አፕ መለያ የሚሰርዝበት መንገድ እንዲኖረው ፕሌይ ስቶርም ያስገድዳል።

ጥር 11ን የማስረከቢያ ቀን ማድረግ

ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አልጋ የሚይዘው ከወራት በፊት ነው፤ ስለዚህ አፑ ጥቅምት 1 ላይ ሥራ መጀመር አለበት። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 ወዲህ በግለሰብ ስም የተከፈተ የፕሌይ ስቶር መለያ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሊሞክሩት ይገባል፤ ከዚያ ማመልከቻና ግምገማ አለ፣ ለዚህም ሁለት ሳምንት ይያዝ። ሙከራው እንግዲህ መስከረም 3 ገደማ ይጀመራል፤ 12ቱ ሰዎች ቀድመው በስም ይታወቁ፣ በመሐል ጥለው የሚወጡ ስለማይጠፉ 18 ወይም 20 ቢመዘገቡ ይሻላል። ኮዱ ሦስት ወር ከፈጀ የሚጀመረው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ፔንሲዮኖቹን ዞሮ ደብተር ማየትና ውል መፈረም ግንቦትን ይወስዳል።

ይህን ወረቀት የሚያነቡት በኅዳር ከሆነ ለዘንድሮ አፑን ይተዉት። ሦስት ፔንሲዮን ይዘው፣ አንድ ስልክ ቁጥርና አንድ የጋራ ሰንጠረዥ አዘጋጅተው በዓሉን በእጅ ያስተናግዱ። ማን እንደደወለ፣ ስንቱ ቀብድ ከፍሎ እንደቀረ፣ የትኛው ክፍል ሁለት ጊዜ እንደተሸጠ ጥር 13 ላይ በሰንጠረዡ ይገኛል።