ሮምን በስኩተር ከመዞራችሁ በፊት ሐዋሳ ላይ ውደቁ፦ ችግርና መፍትሄ

ኮሎሲየም ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ስኩተሩ አልሄድ አለኝ። ጋዙን በአውራ ጣቴ እስከ ጥግ ተጭኜዋለሁ። ባትሪው ሙሉ ነው፣ መብራቱም በርቷል። አስጎብኚያችን ሳቋን እየዋጠች መጣችና በአንድ እግሬ መሬቱን ገፋ እንዳደርግ አሳየችኝ። ገፋ አደረግኩ። ሄደ። በዚያ ቀን ተበላሸ ብዬ ከጮህኩባቸው ነገሮች ውስጥ የምር የተበላሸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

ሐዋሳ ከተመለስኩ በኋላ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስኩተር ከሰው እጅ ገዛሁ። ማታ ማታ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ስነዳ የሚያየኝ ሁሉ ያስቆመኛል፤ በተለይ ሮም እህት ወይም የአክስት ልጅ ያለው፣ ለሠርግ ወይም ለጥየቃ ሊሄድ ቪዛ የሚጠብቅ። "እዚያ በስኩተር ያስጎበኛሉ አሉ፣ ያዋጣል?" ይለኛል። ያዋጣል። ኮሎሲየምን፣ ፎረሙን፣ ሰርከስ ማክሲመስን (የጥንቱን የሠረገላ መሮጫ)፣ ፓንቴዎንን፣ ፒያሳ ናቮናን በአንድ ቀን በእግሩ የዞረ ሰው ማታ ጫማውን ማውለቅም ያቅተዋል። በስኩተር ግማሽ ቀን ይበቃል። ግን ሳትለማመዱ አትሂዱ። በኔ የደረሰውንና ሐይቅ ዳር ያለማመድኳቸው ልጆች ያጋጠማቸውን እንደ ጋራዥ ሰው ልዘርዝርላችሁ።

"ስኩተር ብዬ የከፈልኩበት ሌላ ነገር ሆነ"

ጣሊያን አገር ስኩተር ካላችሁ ቬስፓ ሊመጣላችሁ ይችላል። ያ ሞተር ሳይክል ነው፣ የመንጃ ፈቃድ ጣጣ አለው። ቆመን የምንነዳው፣ ሁለት ትንንሽ ጎማ ያለው ደግሞ በነሱ አፍ ሞኖፓቲኖ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን እዩ፣ ሞኖፓቲኖ የሚለውን ቃል ፈልጉ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ዕድሜው ከ14 በታች የሆነ አይነዳም። አንድ ስኩተር ላይ ሁለት ሰው መሳፈርም ክልክል ነው፤ "ትንሽ ነው፣ ፊቴ ይቆማል" የሚለው የኛ ክርክር እዚያ አይሠራም።

"ጋዝ ሰጠሁት፣ ንቅንቅ አይልም"

የኔው በሽታ ነው። ብዙዎቹ ስኩተሮች ቆመው ሳለ ሞተራቸው እንዲነሳ አልተሠሩም። በእግር ገፋ ገፋ ተደርገው በሰዓት ሦስት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ነው ሞተሩ የሚቀበለው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አለዚያ ቆማችሁ ስታወሩ ጣታችሁ ጋዙን ቢነካ ተፈትልኮ ፊታችሁ ያለውን ሰው ይመታል።

ገፍታችሁም ካልሄደ ጣታችሁን እዩ። የፍሬኑን እጀታ በትንሹ እንኳ ከያዛችሁ ሞተሩ ይቋረጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ፍሬን ይይዛል። አቶቴ አካባቢ ያለማመድኳት አንዲት ልጅ አሥር ደቂቃ ሙሉ ጋዝና ፍሬን አንድ ላይ ይዛ "ይሄ ነገር ሞቷል" ስትለኝ ነበር።

"ኮብልስቶን ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ደነዘዘ"

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሮምን በስኩተር የሚያስመርረው ዋናው ይሄ ነው። የመሀል ከተማው መንገድ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ከላይ አራት ማዕዘን፣ ከታች እንደ መንጋጋ ጥርስ የሾለ። የኛን ኮብልስቶን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ችግሩ ከድንጋዩ ይልቅ ከጎማው ነው። የስኩተር ጎማ ስምንት ተኩል ወይም አሥር ኢንች ነው፣ የብስክሌት ግን ሃያ ስድስት ምናምን። ትልቁ ጎማ የድንጋዩን ክፍተት ተሻግሮ ያልፋል፤ ትንሹ እያንዳንዱ ክፍተት ውስጥ እየገባ ይወጣል። ሐዋሳ ላይ ብስክሌት ነድቶ ያደገ ሰው "ምን አለው" ብሎ የሚዋረደው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ጉልበት ነው፣ የእግር ጉልበታችሁ ማለቴ ነው። እግራችሁን አትገትሩ። አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ አድርጉና ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ እግር ጣሉ። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ፤ ባነቃችሁት ቁጥር ንዝረቱ ወደ ትከሻችሁ ይወጣል። ፍጥነት ቀንሱ። የትራም ሐዲድ ካጋጠማችሁ ቀጥ ብላችሁ፣ መስቀለኛ ሆናችሁ ተሻገሩት። በሐዲዱ አቅጣጫ ወይም በሰያፍ ከገባችሁበት ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ይቀራል፣ እናንተ ትቀጥላላችሁ።

ለልምምድ ደግሞ ሐዋሳ ተመችቶናል። ከአስፓልቱ ገባ ብላችሁ የሰፈር ኮብልስቶን ፈልጉ። በጠዋት ሂዱ፣ ባጃጁ ሳይበዛ። መጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት፣ ከዚያ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር። ሦስት ጠዋት ይበቃል። መውደቅ ካለባችሁ የሚያነሳችሁ ጎረቤት ባለበት ውደቁ።

አሁን ያቺን የምር የተበላሸች ልንገራችሁ። የኔ ስኩተር ድንጋይ ላይ ሲሄድ "ቋ ቋ ቋ" የሚል ድምፅ ነበረው፣ መሪውም በእጄ ይወዛወዛል። እኔ የመንገዱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ የሚታጠፍበት መቆለፊያ ላልቷል! ይሄ ቀልድ አይደለም፤ እየሄዳችሁ መሪው ከታጠፈ ጥርሳችሁን ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የፊት ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉት። ከተላወሰ ወይ መቆለፊያው ነው ወይ ኩሽኔታው። ሁለቱንም መንገድ ላይ ለመጠገን አትሞክሩ፣ "ቀይሩልኝ" በሉ። እኔም አስቀየርኩ፣ ቀኑ ሌላ ቀን ሆነ።

ቋንቋ አንችልም ብላችሁ አትፍሩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ... የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ከነሱ የመጣ ነው። እኔ "ፍሬኖ፣ ፍሬኖ" ብዬ ጠቁሜ ተግባብቻለሁ።

"ፍሬን ስይዝ ወደ ፊት ልፈናጠር ነው"

ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ነዋ የያዛችሁት። ፍሬን ስትይዙ ወገባችሁን ወደ ኋላ፣ ጉልበታችሁን ወደ ታች። በአንዴ አትጭመቁት፣ ቀስ እያላችሁ አጥብቁት። የሮም ድንጋይ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው፤ ያኔ ፍሬኑን ከወትሮው በእጥፍ ርቀት ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ጥምዝ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትያዙ።

"እየሄደ ሳለ በራሱ ፍጥነት ቀነሰ"

ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፣ ምልክቱ ግን ይመሳሰላል።

ሜዳ ላይ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ድንገት እንደ ኤሊ ከሆነ የገባችሁበትን ቦታ እዩ። በጣሊያን ሕግ መንገድ ላይ ጣሪያው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ እግረኛ በሚበዛበት ክልል 6። አንዳንዱ የኪራይ ስኩተር የት እንዳለ በሳተላይት ስለሚያውቅ ራሱ ይቀንሳል። አትታገሉት። ከክልሉ ስትወጡ ይመለሳል።

ቀስ በቀስ እየደከመ ከመጣ ባትሪው ነው። ሲያልቅበት ራሱን ለማትረፍ ኃይል ይቀንሳል። ለአስጎብኚው ቶሎ ተናገሩ፣ እስኪቆም አትጠብቁ።

ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ምንም አልሆነም፣ ሞተሩ ትንሽ ነው። የኛ ከተማ ሜዳ ስለሆነች ይሄን አታውቁትም። ለማወቅ ወደ ታቦር ተራራ በሚያስወጣው መንገድ ሞክሩት፤ ግማሽ ሳትደርሱ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ሮምም በኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከባድ ሰው ከሆናችሁ፣ ስንት ኪሎ እንደሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ነው የሚችሉት። ማፈር የለም።

"ቡድኑ ጠፋኝ"

ፎቶ እያነሳችሁ ነዋ። በአንድ እጅ መሪ፣ በአንድ እጅ ስልክ የያዘ ሰው መጨረሻው አይታወቅም። የጆሮ ማዳመጫ ይሰጧችኋል፣ በራዲዮ ነው የሚሠራው፤ ከአስጎብኚው ስትርቁ ወይም የጥግ ሕንፃ ሲጋርዳችሁ ይቆራረጣል። ድምፁ መንተባተብ ከጀመረ ኋላ ቀርታችኋል ማለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት "ብጠፋ የት ልጠብቅ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከጠፋችሁ ደግሞ አትፈልጉ፣ ባላችሁበት ቁሙ።

"የኛን ነገር ሳይነግሩን አለፉ"

ይሄ የስኩተር ችግር አይደለም፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው። ከሰርከስ ማክሲመስ ጫፍ ላይ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባል ቦታ አለ፣ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት። ሕንፃው ሲጀመር ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የታሰበ ነው። የአክሱም ሐውልታችን እዚያ ነበር የቆመው። 24 ሜትር የሚረዝም፣ 160 ቶን የሚመዝን ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው ተከሉት። በ1947ቱ የሰላም ውል እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የተመለሰው ግን በ2005 ነው፣ በአውሮፕላን፣ በሦስት ተከፍሎ። አክሱም ላይ ተመልሶ የቆመው በ2008። እኛ በስኩተር ሽው ብለን አለፍነው! አስጎብኚዋ ስለ ሠረገላ ውድድር እያወራች ነበር።

ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ጉብኝቱ ለሁሉም ዓይነት ቱሪስት የተሰፋ ልብስ ነው፣ ለናንተ አልተለካም። መፍትሄው ገና ሄልሜት ስታደርጉ መናገር ነው፦ "ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ፖርታ ካፔና ላይ ሁለት ደቂቃ እንቁም።" እኔ ዘግይቼ መሀል ላይ ተናገርኩ፤ ደግነቷ ስንመለስ አቆመችልን፣ ከዚያ እኔ አስጎብኚ ሆንኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ውሉን፣ አውሮፕላኑን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ሌላም አለላችሁ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ስንቱ ሐበሻ እዚያ ተቀጣጥሮ ይገናኛል፣ ስሙን ሳይጠይቅ።

"ኮሎሲየም ውስጥ አልገባንም"

ስኩተሩ አያስገባችሁማ። አብዛኛው የስኩተር ጉብኝት በውጭ ነው የሚዞረው። መግባት የምትፈልጉ ለብቻው ትኬት ቁረጡ፣ በሌላ ቀን ወይም በሌላ ሰዓት። ትኬቱ ላይ ስማችሁ ስለሚጻፍ ፓስፖርት ያዙ፣ ስሙም ከፓስፖርቱ ጋር ይግጠም። የአያት ስም ላይ የምንሠራውን ስህተት ታውቁታላችሁ።

"ሄልሜቱ አልገባ አለኝ፣ ውሃም ጠማኝ"

ሹሩባ ወይም አፍሮ ከሆነ ጸጉራችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ማጅራት እሰሩት። "ያለሱ ልሂድ" አይባልም። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ ለአዋቂም ግዴታ ነው።

ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው የብረት ምንጮች አሉ፣ ውሃቸው ይጠጣል፣ ነፃ ነው። ጎንበስ ብላችሁ አትሰቃዩ። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት፣ ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይፈናጠራል። የኔን ሸሚዝ ግን መጀመሪያ አጠበው።

ትሬቪ ፏፏቴና የስፔን ደረጃ ጋ ስትደርሱ ስኩተሩን አቁማችሁ በእግር ሂዱ። በ2022 አንዲት ቱሪስት ስኩተሯን በዚያ ደረጃ ቁልቁል ወርውራ ድንጋዩን ሸራርፋ ተቀጥታለች። እንኳን ሐበሻ አልሆነች።

"ወደድኩት፣ አንድ ገዝቼ በሻንጣ ላምጣ"

ይሄን ሁሉም ይጠይቀኛል። በመንገደኛ አውሮፕላን አይሆንም። ችግሩ ባትሪው ነው። በስኩተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ሰዓት አባዙት። 36 በ7.8 ብትሉ ወደ 280 ዋት ሰዓት ይመጣል። መንገደኛ በነፃነት የሚይዘው እስከ 100 ነው፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160። ትንሹ ስኩተር እንኳ ያልፈዋል። የአክስቴ ልጅ ይሄን ሳትሰማ ገዝታ ሻንጣ ማስረከቢያው ላይ አስቀሯት፤ አሁን ሮም ላይ እሷው ትነዳዋለች፣ እኔ ደግሞ እዚህ ሐዋሳ በአሮጌው አሞራ ገደል ድረስ ሄጄ የዓሣ ሾርባዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ መብራት ካልጠፋ።