የውኃ ዳር ወፎችን በሐይቅና በጨፋ ፎቶ ማንሳት

የውኃ ዳር ወፍ ፎቶ ስለማንሳት የተጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ ለባሕር ጠረፍ ሰው ናቸው። «ባሕሩ እስኪሞላ ጠብቁ፣ ውኃው ራሱ ወፎቹን ወደ እናንተ ያመጣቸዋል» ይላሉ። ሐይቅ ላይ ይህን የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይመሻል። እዚህ ውኃው የሚሞላውና የሚሸሸው በወቅት ነው፤ ክረምት ላይ ሣሩን ይውጣል፣ ከጥቅምት በኋላ እያደር ሲወርድ ጠባብ እርጥብ ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ትሉም ነፍሳቱም ያሉት እዚያ ስለሆነ ወፎቹም ከዚያ አይርቁም። ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሽሽት የሚመጡት ከነሐሴ ጀምሮ ገብተው እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። ለፎቶ ግን ከኅዳር እስከ ጥር የሚያህል የለም፤ ጭቃው ሰፍቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ በልጉም ገና ነው።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች አስቡ። በደሴ አቅራቢያ ያለው ሐይቅ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ነው። ስለዚህ በጠዋት ከከተማው የወረደ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ያገኛታል፤ ወፉ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆንበታል። ምዕራቡን ዳርቻ ለከሰዓት፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ላለው ጊዜ ተዉት፤ ያኔ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ለማንሳት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አባቶችን አስፈቅዱ፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማትገባም እወቁ።

ለጠዋት ጨፋን እንመርጣለን። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ የቦርከና ወንዝ የሚተኛበት ረግረግ ነው። አንድ ችግር አለው፦ ደሴ ብርድ ውስጥ ያደረ ሌንስ ቆላው ላይ ሲወጣ ላብ ይለብሳል። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። በጨርቅ መጥረግ አይረዳም፤ ወዲያው ይመለሳል።

ስለ ሌንስ ብዙ ይወራል፤ ሒሳቡ ግን አጭር ነው። ጅራቱን ሽቅብ ቁልቁል የሚያወዛውዘው ትንሹ ቡናማ ወፍ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ባለው ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ከ10 ሜትር ላይ የፎቶው ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወፉ ሩቡን እንኳ አይሞላም። አነስ ያለ ሴንሰር ባለው ካሜራ ስፋቱ ወደ 59 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ወፉ ሲሶውን ይይዛል። ከ30 ሜትር ሆኖ ማንሳትና ኋላ መቁረጥ የማይረባው ለዚህ ነው፤ መቅረብ ግድ ነው።

መቅረብ ማለት ግን መከተል አይደለም። የተከተላችሁት ወፍ ሁልጊዜ ጀርባውን ይሰጣችኋል። ዳር ዳሩን እየለቀመ የሚሄደውን ወፍ ለአምስት ደቂቃ ከሩቅ እዩት፤ አቅጣጫው ከተለየ በሰፊው ዞራችሁ 20 ወይም 30 ሜትር ቀድማችሁ ተኙ። ከሥራችሁ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፉ። ወፉ እየለቀመ ራሱ ይመጣል፤ አንዳንዴም ፎከስ ከማይደረስበት ቅርበት ድረስ። ጅራት አወዛዋዡ ደንግጦ ቢነሳ እንኳ ወዲያው አትነሱ፤ ብዙ ጊዜ ውኃውን ታክኮ በግማሽ ክብ ይበርና ራቅ ብሎ እዚያው ዳር ያርፋል።

መብላቱን አቁሞ አንገቱን ካሰገገ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ እንቅስቃሴ አቁሙ። ጅራት ማወዛወዝ ግን ለዚያ ለትንሹ ወፍ ፍርሃት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። ነጭ ጋቢ ጥቁር ጭቃ ላይ ከሩቅ ይጮኻል፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ልበሱ። የከብት መንጋ ካለ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፤ ወፎቹ ከብት ለምደዋል። እረኛውን ሰላም ብላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ከመንጋው ጎን ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ከማንኛውም ውድ መደበቂያ ይበልጣል።

ካሜራው ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ቆሞ የተነሳ ፎቶ ወፉን ጭቃ ላይ ይለጥፈዋል፤ ዝቅ ሲባል ከኋላው ያለው ውኃ ይደበዝዝና ወፉ ነጥሮ ይወጣል። የትራይፖድ እግር ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፤ በእሱ ፈንታ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንብራ በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ሌንሱን አስደግፉበት። ከረጢቱን ፌስታል አልብሱት፣ ሽንብራ ከራሰ ያብጣል፣ ሲሰነብትም ይበቅላል።

ለሚራመድ ወፍ ሻተር (ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ፣ ለሚበር 1/2000፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርጋችሁ ጣሪያውን 3200 ላይ ገድቡ። በ400 ሚሊ ሜትር፣ ከ10 ሜትር፣ በኤፍ 5.6 (ቁጥሩ ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል) ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ኤፍ 8 ይሻላል። ፎከሱ ተከታታይ ይሁን፣ ነጥቡም ዓይኑ ላይ። ነጭ ሳቢሳ ጥቁር ውኃ ላይ ሲሆን ካሜራው ይሳሳትና ላባው ይቃጠላል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በካሜራው መለኪያ ከ0.7 እስከ 1 ቀንሱ። ብሩህ ሰማይ ላይ ለሚበር ጥቁር ወፍ ግን በ1 ጨምሩ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ፎከሱ ልክ ሆኖ ፎቶው ከላላ ሌንሱን አትውቀሱ። ጭቃው ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፤ ይህን የሚያስተካክል ሌንስ የለም። ወይ ቅረቡ፣ ወይ አቁሙ።

እግሩ ረጅምና ቀይ የሆነው ጥቁርና ነጭ ወፍ በራሳችሁ ላይ እየዞረ ከጮኸ መሬት ላይ ጎጆ አለው ማለት ነው። በመጣችሁበት ተመለሱ፤ እናቱ የተነሳችበት እንቁላል ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይም። የተቀዳ ድምፅ ማሰማት፣ ድንጋይ ወርውሮ ማስበረር፣ እነዚህ ነውር ናቸው። ድልድይና ኬላ አታንሱ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታምጡ፣ መታወቂያ ያዙ።

በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ ቦት አድርጉ። ከሚሴ በኩል አመሻሹን ትንኙ ስለሚበረታ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። የሌንሱ የዙም ቀለበት ውስጥ ጭቃ ከገባ ሌንሱን ሳታዞሩ ይድረቅ፤ እርጥቡን ከጠረጋችሁት አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል። ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ይነሳል።