ስልኩ ሳይቀድም

እግዚአብሔርን ማስቀደም የሚጀምረው ማታ ነው። ስልካችሁን ሳሎን ቻርጅ አድርጉት፤ ትራስ ስር ካደረ ጠዋት የሚቀድመው ቴሌግራም ነው። ስትነቁ አማትቡ፣ ታጠቡ፣ ቆማችሁ አቡነ ዘበሰማያት በሉ። ከዚያ ዳዊት። የዕለቱን ድርሻ በሙሉ እደግማለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ቶሎ ይተወዋል (እኔ በሦስተኛው ቀን ተውኩት)፣ ስለዚህ 150ው መዝሙር አስር አስር እየሆነ በ15 «ንጉሥ» (ክፍል) የተከፈለ ነውና አንድ ንጉሥ ያዙ፣ እሱም ከከበዳችሁ 2 መዝሙር ይበቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ በልባችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። ደመወዝ ሲገባ አስራቱን ከቤት ኪራይም ከዕቁብም በፊት ለዩት፤ «ከተረፈ» ካላችሁ አይተርፍም። ዓርብ ቀን ክትፎ ከጋበዟችሁ ደግሞ፣ በዓለ ሃምሳ (ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት) ካልሆነ፣ «ጾም ነው፣ ለቅዳሜ እናድርገው» በሉ።